ምን ከበደዎት?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መካነ ሰላም ላይ ከቤቴ ወጥቼ ገበያ እስክደርስ ስንት ሰው "ወፈርሽ!" እንደሚለኝ ብታዩ ትስቃላችሁ። "ሲስተር ጌጤ፣ ማሻአላህ! ጡረታው ተስማማሽ፤ ወፈርሽ፣ አማረብሽ!" አንዱ ጉንጬን ያያል፣ ሌላዋ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ትመዝነኛለች። እኔም "አልሐምዱሊላህ" ብዬ አልፋለሁ። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ተወልዶ አልሐምዱሊላህ የማይል አፍ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ሲሉኝ ደስ ይለኛል ወይ? ወላሂ ደስ ይለኛል! "ከሳሽ" ያሉኝ ቀን ነው ቤቴ ገብቼ መስታወት የማየው። እኛ አገር "ከሳሽ" ማለት "ምን ሆንሽ? ማን ሞተብሽ? ምን በሽታ ያዘሽ?" ማለት ነው። ክፉ ቀን ያየ አገር ነው፤ ሰው ሲከሳ ማየት አይወድም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ "ውፍረትዎ ጤናዎን እየጎዳው ነው" ብሎ ወሬ መጀመር ምን እንደሚመስል አስቡት። እኔ አጀማመሩን ተምሬዋለሁ፤ ኩራት አይሁንብኝና በደንብ ነው የተማርኩት። ሳልማር በፊት ላጠፋሁት ግን የከፈሉት ሼህ ይመር ናቸው።

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ወግዲ ጤና ጣቢያ ነው። ያኔ ሚዛን ማለት ከማገር ላይ የሚንጠለጠል፣ ሕፃኑን ቁምጣ በመሰለ ጨርቅ ውስጥ አስገብተን የምንሰቅልበት ነገር ነበር። ሕፃኑ ይጮሃል፣ ይራገጣል፤ እናቲቱ መርፌውን ሳይሆን ዓይን ዓይኔን ታያለች። መርፌው ካለፈው ወር ትንሽ ከፍ ካለ "ጨመረ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ እልልታውን ያቀልጡታል። ስለ ደመወዙ አልነግራችሁም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ያ እልልታ ግን ደመወዝ ነበር። ኪሎን በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር እዚያ ነው የለመደብኝ። እዚያ ምርቃት ነበር።

ከወግዲ ወደ ወረኢሉ ስዛወር አለቃዬ ሲስተር አስካለ ሆኑ። ሰፋ ያሉ ሴት ነበሩ፤ በበሩ ሲገቡ ክፍሉ የሚሞላ፣ ሲስቁ ደግሞ ግቢው የሚሰማ። ያን ጊዜ ነገሩ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ነጋዴው፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚውለው፣ ልጁ ከዓረብ አገር የምትልክለት አባወራ፣ ወፈር ወፈር እያለ በስኳርና በደም ግፊት ይመጣል። እነሱን የሚያዩት እትዬ አስካለ ነበሩ፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሩን ይዘጋሉ። ሰውየው በሳል ከመጣ ሳሉን፣ በወገብ ከመጣ ወገቡን ያያሉ፤ የመጣበትን ጉዳይ ሳይጨርሱ ሌላ ነገር አያነሱም። ከዚያ "ስለ ሰውነትዎ አንድ ነገር ብጠይቅዎት ይፈቅዱልኛል?" ይላሉ። "አይ፣ ዛሬ ይቅርብኝ" ካለ "ደግ፣ ሌላ ቀን" ብለው የምር ይተዉታል፣ ፊታቸውም አይጠቁርም። ከፈቀደ ደግሞ ስለ ኪሎ አይጠይቁም። "ምን ከበደዎት?" ነው የሚሉት። ምን ከበደዎት ብቻ! ብለውም ዝም ይላሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንዱ "ዳገቱ" ይላል። አንዷ "ልጄን ማዘል" ትላለች። አንዱ ቄስ "ማሕሌት ላይ መቆም ከበደኝ፣ መቋሚያዬን ተደግፌ ነው የማነጋው" ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሚዛኑ መጋረጃ ጀርባ ነው፤ እሱም ላይ ቀድመው የሚወጡት ራሳቸው እትዬ አስካለ ናቸው። "እስቲ እኔን ከቻለ እርስዎን አያቅተውም" ይላሉ። ሰውየው ስቆ ይወጣል። ቁጥሩን ካልጠየቃቸው አይናገሩም።

አንድ ቀን "እትዬ፣ መነጽርዎ እኮ ንጹሕ ነው፤ ምን አስጠረገዎት?" አልኳቸው።

"ዓይኔን ላነሳለት ነዋ! ሰው እያፈጠጡበት እንዴት ብሎ ያስባል?" አሉ።

እኔ ልጅ ነኝ፣ ችኩል ነኝ፤ ውጭ ወረፋው ተሰልፎ ይሄ ሁሉ መነጽር ጠረጋ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ሳቃቸውን ወደድኩት እንጂ ሥራቸውን ልብ አላልኩትም።

ከዓመታት በኋላ መካነ ሰላም ተመደብኩ፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ሥልጠና ደርሶኝ፣ በትልልቁ የተጻፈ ፖስተር ተሸክሜ ነው የተመለስኩት። ሚዛኑ ኮሪደሩ ላይ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው፣ እንደ እህል በረንዳ። ሰው ይወጣል፣ እኔ ኪሎውን እጠራለሁ፣ ጓደኛዬ ትጽፋለች፤ ቀጥል!

ሼህ ይመር የመጡት የገበያ ቀን ነው። ሼህ ይመርን የማያውቅ መካነ ሰላምን አያውቅም። ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ እስላምም ክርስቲያንም የሚፈራቸው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ እቃ ሳይከፋፈል በፊት የሚጠሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ሰውነታቸውም እንደ ስማቸው ግዙፍ ነበር። "ራሴን እያዞረኝ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርፌው ሄደ፣ ሄደ፤ እኔ ደንግጬ በዚያ የወግዲ ድምፄ፣

"ኧረ ሼህ ይመር! ይሄማ በዛ፤ ቀለል ማለት አለብዎት!" አልኩ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

የተናገርኩት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አማርኛችን እንዲህ ነዋ! የሚከበረው ሰው "ከባድ ሰው" ነው። ያልተከበረው "ቀላል ሰው" ነው። የተዋረደ "ቀለለ" ይባላል፤ ቅሌትም ከዚያው ነው የመጣው። እኔ ደግሞ አገር የሚያስታርቁትን ሽማግሌ፣ ትናንት ያስታረቋቸው ሰዎች በተሰለፉበት፣ "ቅለሉ" አልኳቸው።

ሼህ ይመር ቀስ ብለው ወረዱ። ጫማቸውን አጠለቁ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሰው ፊት ቀልዬ አላውቅም። ዛሬም አልቀልም" ብለው ወጡ።

ግፊታቸውን እንኳ አልለካሁትም። ራሳቸውን ያዞራቸው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የሄዱት።

የዚያኑ ዕለት ለእትዬ አስካለ ስልክ ደወልኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ኩታበር ነበሩ። "ምን ብለሽ ጀመርሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"አንቺ! ሽማግሌን ቅለሉ ትያለሽ? ኧረ የኔ እናት፣ ምን ነካሽ! እኔ መነጽሬን ስጠርግ አንቺ የት ነበርሽ?"

"አጠገብዎት ነበርኩ፣ እትዬ።"

"ካጠገቤማ አልነበርሽም። በይ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ። ሽማግሌ ላኪ።"

ሽማግሌ ላኪ ማለት ቀላል ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ሼህ ይመር ናቸው እኮ! የአገሩን ጸብ ሁሉ የሚፈቱትን ሰው በማን ላስለምን? ሁለት አዛውንት ለምኜ ላክሁ። መንገዱን ሙሉ ሲስቁብኝ ሄደው፣ ሲመለሱ አንደኛው "ይቅር ብለዋል። 'በልቤ ምንም የለም፣ ልጄ ናት' ብለዋል። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ግን አይደርሱም" አሉኝ። በኔ ብቻ ቢቀየሙ እችለው ነበር። የፈራሁት ያላየሁትን ግፊታቸውን ነው። እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ! መንገድ ላይ ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ዛሬም በእግራቸው ቆመዋል እላለሁ።

አንድ ጠዋት ግን አላየኋቸውም። ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲታጠቡ ወደቁ አሉን። በመኪና ደሴ ተወሰዱ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለች፣ ቀኝ እግራቸውም ትጎተታለች። ግፊት ነው ያመጣው። በአንድ የክንድ መለኪያና በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ምናልባት ይቆም የነበረ ነገር ነው። አለቀስኩ። በዚያች ቀኝ እጅ ነበር ሰው የሚመርቁት።

ማግስቱን ሚዛኑን ራሴ አቅፌ ከኮሪደሩ ወደ ክፍል አስገባሁ። መጋረጃ ከቤቴ አምጥቼ ሰቀልኩ። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ "ሲስተር፣ ያለ ደብዳቤ ንብረት አይዘዋወርም" ሲለኝ "እንግዲያው ደብዳቤውን አንተ ጻፈው፣ እኔ ሚዛኑን ይዤ ገብቻለሁ" አልኩት።

ሼህ ይመርን ልታስታምም ልጃቸው ሐያት ከጅዳ መጣች። ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች። ስትመለስ መንገዱ ሁሉ ተቀበላት፤ "ማሻአላህ፣ ሐያት! ጅዳ ተመቸሽ፣ ወፈርሽ!" ሴቶቹ ልብሷን እየዳሰሱ፣ ለልጆቻቸው እየመረጡ። እሷ ፈገግ እያለች ታልፋለች።

ከዚያ አንድ ቀን እኔ ክፍል ገባች። "ጉልበቴን ያመኛል፣ ሲስተር" አለችኝ። የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። በሩን ዘጋሁ። ጉልበቷን አየሁ፣ ዳሰስኩ፣ አጣጠፍኩ። ጨረስኩ። ከዚያ፣

"ሐያትዬ፣ ስለ ሰውነትሽ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትፈቅጂልኛለሽ?"

ዓይኗ ጠበበ። "ጠይቂኝ።"

"ምን ከበደሽ?"

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። ዝም ማለት እንዴት ከባድ ሥራ ነው! እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠሩት የኖሩት ይሄንን ነበር።

"አባቴን ማንሳት ከበደኝ" አለች በመጨረሻ። "ከመኝታቸው ላነሳቸው ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆማል። እሳቸውም ይሰማቸዋል። 'ተዪኝ ልጄ' ይሉኛል።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ሰው ሁሉ ተመቸሽ ይለኛል። ምን ተመቸኝ! ከቤት መውጣት የለ፣ ፀሐይ የለ። አሠሪዎቼ ሲተኙ ጠብቄ የተረፋቸውን ወጥ ቤት ቁሜ እበላለሁ፤ ያ ብቻ ነበር የኔ የምለው። ወፈርሽ ባሉኝ ቁጥር ያ ወጥ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ።"

ወየው! ያን ሁሉ ጊዜ "ማሻአላህ" ካሉት መሃል አንዷ እኔ ነበርኩ፤ በልቤ።

የዚያን ቀን ምግብ ተዪ፣ ይሄን ብዪ አላልኳትም። ስኳሯን ለካሁ፣ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ ነገርኳት። "አባትሽን ለማንሳት ጉልበትሽን እናጠንክር" ነው ያልኳት፣ በዚያ ተስማማን። ሻይ ላይ ስኳሩን እንዴት እንደምትቀንስ፣ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር እስከ አስፋልቱ ጫፍ እንደምንሄድ ራሷ ነች ያወጣችው። ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ እኔ ወጣሁ። "ኧረ አንቺም አታንሺም!" ብላ ሳቀችብኝ። ይገባኛል!

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞረች። "አባቴንም እንዲህ ብለሽ ብትጠይቂያቸውስ?" አለችኝ።

ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ሼህ ይመር መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እኔ ወንበሩን ትቼ ከሳቸው ዝቅ ብዬ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ቀን አላነሳሁም፤ ይቅር የተባለ ነገር መጎርጎር እሱም ሌላ ድፍረት ነው። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ክኒኑን አየሁ፣ የእጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ አፍታታሁ። ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። "ጠይቂ" አሉ።

"ሼህ ይመር፣ ምን ከበደዎት?"

መነጽሬን ጠረግሁ። ጠረግሁ። በጓሮ በኩል በግ ሲጮህ ይሰማል። ሐያት በሩ ጋ ቆማለች።

"ሱጁድ" አሉ።

ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

"ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምሰግደው። ግንባሬ ምንጣፍ ከነካ ቆየ። ሌላው ቢቀርብኝ ግድ የለኝም፤ እጄም ትቅር። ጌታዬ ፊት ዝቅ ማለት ካቃተኝ ግን ምን ሽማግሌ ነኝ?" ከዚያ በተጣመመው አፋቸው ፈገግ አሉ። "ሆዴ ነው፣ ልጄ። እሱ ነው መሃል የሚገባው።"

እሳቸው ናቸው ያሉት! እኔ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ምንጭ ወረደ። እርቅ ባወረዱበት ቤት ሁሉ በግ ይታረዳል፤ መጀመሪያ የሚበሉት እሳቸው ናቸው፤ እንቢ ቢሉ እርቁ አልሰመረም ይባላል። "አሁን ደግሞ እጄ አትታዘዝም፣ ሰው ነው የሚያጎርሰኝ። የሚያጎርሰኝም ክብሬን እያሰበ ጉርሻውን ጭልፋ ያሳክለዋል" ብለው ሳቁ፤ እኔም ሐያትም ሳቅን። መፍትሔውንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። "ዱዓ አድርጌ አንዲት ጉርሻ ለበረካ እቀምሳለሁ። የቀረውን 'ለልጆቹ ስጡልኝ፣ ልጅ ሲበላ ነው እርቁ የሚጸና' እላለሁ። ማን እምቢ ሊለኝ ነው?"

ማንም እምቢ አላላቸውም። ጨውና ስቡ ቀነሰ፣ ክኒኑን ሐያት ከሱብሒ ጋር ትሰጣቸዋለች፤ እግራቸውን እየጎተቱ መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ኋላ እስከ መስጊዱ መሄድ ጀመሩ። ሐያትም አብራቸው ነች፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ ግራ እስኪገባ ድረስ። እጃቸው አልተመለሰችም። እሷን መመለስ አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ ሳያት ያመኛል።

አንድ ቀን ግን በምርኩዝ እየተደገፉ ያንን የጤና ጣቢያ ደጃፍ አልፈው ገቡ። ኮሪደሩን ገልመጥ አደረጉና፣

"ያ ሚዛንሽ የት ሄደ?" አሉኝ።

"መጋረጃ ውስጥ ገባ፣ ሼህ ይመር።"

"አስገባሽው? አበጀሽ።" ጫማቸውን ሐያት አወለቀችላቸው፤ ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርፌው ቆመ። እኔ አፌን ይዣለሁ፤ አንዲት ቃል! እሳቸው ናቸው ጎንበስ ብለው ያዩት። ከዚያ ወርደው፣ ክፍሌ ወለል ላይ የሐያትን ነጠላ አነጠፉና በግራ እጃቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ዝቅ አሉ። ግንባራቸው ነጠላውን ነካ። ቆዩ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እኔ ክርስቲያኗም ቆሜ አነባለሁ፤ ወግዲ ላይ "ጨመረ!" ብዬ የምጮኸው ጩኸት ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ ያለፈ ነርስ ሁሉ በሩን ይዘጋል፣ የመጣበትን ያያል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ምን ከበደዎት ይላል፣ ዝምም ይላል። መነጽር የሌላት አንዷ እስክሪብቶዋን ትጠርጋለች አሉ። ይህን ሳስብ አንገቴ ቀና ይላል፤ ለምን ይደበቃል? እትዬ አስካለ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሳቸው ወደኔ፣ ከኔ ወደነሱ እየሄደ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሼህ ይመር ጡረታ መውጣቴን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። ሰው ሁሉ ወፈርሽ ሲለኝ በከረመበት ሰሞን ነው። አየት አደረጉኝ፣ ወፈርሽ አላሉም። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በግራ እጃቸው ጨበጡና፣

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትፈቅጂልኛለሽ?" አሉ።

"ይጠይቁኝ እንጂ።"

"ምን ከበደሽ?"

ብለው ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያው መለሱ፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ይገፋሉ። ያን ሁሉ ዓመት ጠይቄያለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ቀልጄ ላልፍ ፈለግሁ፣ አፌ እምቢ አለ።

"ጠዋት ተነስቼ የምጠይቀው ሰው ማጣት ከበደኝ፣ ሼህ ይመር" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

አልቸኮሉም። ፍሬውን ገፍተው ጨረሱ።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት እኔ ዘንድ ነይ። ያረጀ ሰው የሚከብደው አያጣም" አሉ። ከዚያ በግራ እጃቸው ያቺን የማትታዘዝ ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው፣ ደግፈው ወደ ላይ ያዟት።

"አላህ ከሰው አያቅልልሽ።"

"አሚን" አልኩ።